«ጠብቁኝ» ማለት አይክበዳችሁ፦ ተራራ ላይ ከጓደኞቻችሁ ስትነጠሉ

ወጨጫ ተራራ ላይ ከጓደኞቼ የተነጠልኩት መንገድ ጠፍቶኝ አይደለም። ሽንቴ መጥቶ ነው።

መስከረም ሊያልቅ ጥቂት ቀን ሲቀረው ነበር፤ ሜዳው ሁሉ አደይ አበባ ለብሷል። 14 ሆነን ወጣን፤ ግማሾቹ የመሥሪያ ቤት ባልደረቦቼ፣ የቀሩት እነሱ ይዘዋቸው የመጡ ወጣቶች። ከጫካው በላይ፣ አስታው (ከፍ ያለ ቦታ ላይ የሚበቅለው ቁጥቋጦ) የሚጀምርበት ቦታ ስንደርስ 7 ሰዓት ከ20 ነበር። ከፊቴ የሚሄደው ልጅ ያን ዕለት ጠዋት ሚኒባስ ውስጥ የተዋወቅኩት ነው። «ቆይ፣ አንዴ ጠብቀኝ» ልለው አስቤ አፈርኩ። ዞር ብዬ ከአስታው ጀርባ ጉዳዬን ጨረስኩ፣ የጫማዬን ክር አጠበቅኩ፣ ተመለስኩ። ስሄድ አንድ የነበረው መንገድ ስመለስ ሁለት ሆኖ ጠበቀኝ። የቆየሁት 5 ደቂቃ አይሞላም። እስክገኝ ድረስ ግን አራት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ነው የቀረው።

አሁን 52 ዓመቴ ነው። በየወሩ የመጨረሻ እሁድ አዲስ አበባ ዙሪያ ካሉት ተራሮች አንዱን እንወጣለን፤ እንጦጦ፣ የረር፣ ፉሪ፣ አልፎ አልፎም ያው ወጨጫ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሁልጊዜ ከሁሉም ኋላ የምሄደው እኔ ነኝ። ከኋላ ሆኖ የሚሄድ ሰው ብዙ ያያል። ጫማው ልጦት ዝም የሚል፣ ትንፋሹ አጥሮት «ፎቶ ላንሳ ብዬ ነው» የሚል፣ ሆዱ ታሞ የሚደብቅ። ሰው ከሰው የሚነጠለው መጀመሪያ በይሉኝታ ነው፤ ጉሙና ገደሉ የሚመጡት ኋላ ነው። ስለዚህ እዚህ የምነግራችሁ ነገር ግማሹ ስለ መንገድ ነው፣ ግማሹ ስለ አፍ መክፈት።

መጀመሪያ ቁሙ

ብቻችሁን መሆናችሁን የጠረጠራችሁበት ቦታ ላይ ቁሙ። አንዲት እርምጃ አትጨምሩ። ቦርሳችሁን አውርዱ፣ ተቀመጡ፣ ውሃ ጠጡ፣ ሰዓታችሁን አይታችሁ 10 ደቂቃ ጠብቁ። ልብ ሲደነግጥ እግር አርፎ መቀመጥ አይወድም፤ «ቶሎ ብሄድ እደርስባቸዋለሁ» ያሰኛል። እኔን ያራቀኝ ይህ ነው።

ከታች በኩል ሳቅ የተቀላቀለበት የሰው ድምፅ ሰምቼ ነበር። የኛዎቹ ናቸው ብዬ በግራው መንገድ እየሮጥኩ ወረድኩ። ሩብ ሰዓት ያህል ሄጄ ያገኘኋቸው ከብት የሚጠብቁ ሦስት ልጆች ነበሩ። ጓደኞቼ በቀኙ መንገድ ሽቅብ ሄደዋል። ተራራ ላይ ድምፅ ገደል እየመታ ስለሚመለስ ከየት እንደተነሳ በጆሮ ብቻ መለየት ይቸግራል። ድምፅ ከሰማችሁ ካላችሁበት ሆናችሁ መልሱለት እንጂ አትከተሉት።

ትንፋሻችሁ ሲመለስ ለራሳችሁ ድምፅ አውጥታችሁ ተናገሩ፦ ለመጨረሻ ጊዜ ሰው ያየሁት የት ነው? ስንት ሰዓት ነበር? ከዚያ ወዲህ ወጣሁ ወይስ ወረድኩ? ድምፅ ማውጣቱ ሞኝነት አይደለም። በሐሳብ ብቻ ሲሆን ሰው ራሱን ያታልላል፤ «ትንሽ ነው የወረድኩት» ይላል። በአፌ «ሩብ ሰዓት በሩጫ ወርጃለሁ» ስል ነው ምን ያህል እንደራቅኩ የገባኝ።

ያ የመጨረሻ ቦታ ከተቀመጣችሁበት ሆኖ የሚታይ ከሆነ፣ ወይም የመጣችሁበት መንገድ ያለ ጥርጥር ከፊታችሁ ተዘርግቶ ካለና እዚያ ለመድረስ 5 ደቂቃ የሚበቃ ከሆነ ተመለሱ፤ ፈላጊ መጀመሪያ የሚመጣው ወደዚያ ነውና። ስትመለሱ በየ20 እርምጃው ድንጋይ በድንጋይ ላይ ደርቡ ወይም የመንገዱን ዳር ሣር ቋጥሩ። እነዚህ ካልተሟሉ እዚያው ቆዩ። «ይመስለኛል» በሚል መንገድ አትመለሱ።

ፊሽካና ስልክ

ድምፃችሁን አትጨርሱ። ሰው ሲጮህ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ጉሮሮው ይዘጋል፣ ውሃም ያስጠማል። ፊሽካ ግን ትንፋሽ እስካለ ድረስ ይሠራል። ውስጡ ፍሬ (የምትንከባለል ትንሽ ኳስ) የሌለውን ግዙ፤ ፍሬ ያለው ሲረጥብ ፍሬው ተጣብቆ ላይሠራ ይችላል። ተራራ የሚወጡ ሰዎች በዓለም ዙሪያ የሚግባቡበት ምልክት አለ፦ በአንድ ደቂቃ ውስጥ 6 ጊዜ፣ ማለትም በየ10 ሴኮንዱ አንዴ ይነፋል፤ ከዚያ አንድ ደቂቃ ዝም ተብሎ ይደመጣል፤ እንደገና 6 ጊዜ። የሰማው ሰው በደቂቃ 3 ጊዜ ነፍቶ ይመልሳል። ሲመሽ በባትሪ መብራት ያንኑ ማድረግ ይቻላል። ዝም የምትሉባትን ደቂቃ አትዝለሏት፤ መልሱ የሚሰማው በእሷ ውስጥ ነው።

እኔ ያን ቀን ፊሽካ አልነበረኝም። አሁን አንገቴ ላይ የማንጠለጥለው ብርቱካንማ ነው፣ የአውራ ጣት ቁመት የሚያህል፣ በጫማ ክር የታሰረ። ቦርሳ ውስጥ አላስቀምጠውም። ሰው ተንሸራትቶ ሲወድቅ ቦርሳው ሌላ ቦታ፣ እሱ ሌላ ቦታ ሊያርፍ ይችላል።

ስልኩን በተመለከተ ሰው ሁሉ የሚሠራው ስህተት ደጋግሞ መደወል ነው። ኔትወርክ በሌለበት ስልክ ሲግናል ፍለጋ ብቻ ባትሪውን ይበላል። ለመደወል መስመሩ ተከፍቶ መቆየት አለበት፤ አጭር የጽሑፍ መልእክት ግን ኔትወርኩ ለቅጽበት ብልጭ ቢል እንኳ ያልፋል። ስለዚህ አንድ መልእክት በጥንቃቄ ጻፉ። የኔ እንዲህ ይል ነበር፦ «ደህና ነኝ አልተጎዳሁም። 8:35። ከአስታው ወደ ግራ ወርጄ ጅረት ተሻግሬ ትልቅ ጥድ ሥር ነኝ። ከላዬ ጥቁር ቋጥኝ አለ። ባትሪ 31። ስልኩን ዘግቼ በየሰዓቱ መግቢያና በየግማሹ እከፍታለሁ። ከዚህ አልነቃነቅም።» የመጨረሻዎቹ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ዋናዎቹ ናቸው። ፈላጊው መቼ ሊያገኛችሁ እንደሚችል ያውቃል፣ ከቦታው እንደማትነሱም ያውቃል። መልእክቱ አልሄድ ካለ እንደተጻፈ አስቀምጡትና ከምትታዩበት ሳትርቁ ትንሽ ከፍ ያለ ድንጋይ ላይ ወጥታችሁ ሞክሩ። የኔ ያለፈው ቋጥኙ ላይ ቆሜ ነው፣ በሦስተኛው ሙከራ።

ሎኬሽን ማግኘት ኔትወርክ አይፈልግም፤ ስልኩ ሰማይ ካየ ራሱ ያውቀዋል። የካርታው መተግበሪያ ላይ ያላችሁበትን ነጥብ ተጭናችሁ ስትቆዩ ሁለት ረጃጅም ቁጥሮች ይወጣሉ። አዲስ አበባ ዙሪያ ከሆናችሁ የመጀመሪያው በ8 ወይም በ9፣ ሁለተኛው በ38 ወይም በ39 ይጀምራል። ሌላ ነገር ካያችሁ ተሳስታችኋል። ቁጥሮቹን እንዳሉ ገልብጣችሁ በጽሑፍ ላኩ። ከዚያ ስልኩን አጥፉና በሹራባችሁ ውስጥ፣ ደረታችሁ ላይ አድርጉት፤ ብርድ የስልክ ባትሪ ያደክማል።

ልቆይ ወይስ ልሂድ?

መጥፋታችሁን የሚያውቅ ሰው ካለ ቆዩ። የሚሄድ ሰውን መፈለግ እጅግ ከባድ ነው፤ ተፈትሾ ባዶ ወደተባለ ቦታ ተመልሶ ሊገባ ይችላል። ብቻውን የወጣ፣ የት እንደሄደም ለማንም ያልተናገረ ሰው ጉዳይ ግን ሌላ ነው፤ እሱ ቀኑ ሳይመሽ በሚታወቅ መንገድ ላይ መውጣት አለበት።

የምትሄዱ ከሆነ «ውሃ ተከተል፣ ሰው ታገኛለህ» የሚለውን ምክር እዚህ አካባቢ አትመኑት። ወጨጫ ላይ ጅረቱ መሬቱን ሰርስሮ ድንገት ገደል አፋፍ ላይ ያደርሳችኋል፤ ዳሩ ሙልጭልጭ ነው፣ የውሃው ድምፅ ደግሞ የሚጠራችሁን ሰው ድምፅ ይውጠዋል። እንጦጦ ላይ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። የእንጦጦ ሸንተረር የውሃ ክፋይ ነው፦ በደቡብ በኩል የሚወርደው ወደ ከተማው ገብቶ ወደ አዋሽ፣ በሰሜን በኩል የሚወርደው ወደ አባይ ይሄዳል። በጉም ውስጥ ሆናችሁ የሰሜኑን ጅረት ብትከተሉ በየእርምጃችሁ ከአዲስ አበባ እየራቃችሁ ወደ ሱሉልታ በኩል ነው የምትወርዱት።

ከውሃ ይልቅ ሰውና ከብት የረገጡትን መንገድ ፈልጉ። የፍየል መንገድ ጠባብ ነው፣ ቁጥቋጦ ውስጥ ገብቶ ይበተናል። እንጨት ተሸካሚ እናቶች የሚሄዱበት መንገድ ግን ይለያል፤ ሸክሙ ሰፊ ስለሆነ ግራና ቀኙ ያለው ቅርንጫፍ ተሰባብሯል፣ መሬቱ በእግር ብዛት ለስልሷል፣ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ ተንጠባጥቦበታል። እነዚያ እናቶች ያን ሸክም ይዘው ትርፍ እርምጃ አይሄዱም። መንገዳቸው ቁልቁል በቀጥታ ወደ ሰፈር ያወጣል።

ከመውጣታችሁ በፊት፣ ተራራው እግር ስር ቆማችሁ፣ «ከተማው በየት ነው?» የሚለውን ለሁሉም ጠይቁ። እንጦጦ ላይ ከተማው በደቡብ ነው። ወጨጫ ላይ በምሥራቅ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ፀሐይን ጀርባችሁ ላይ ካደረጋችሁ ፊታችሁ ወደ አዲስ አበባ ነው። የረር ላይ በተቃራኒው ፀሐይ የምትገባበት ወገን ወደ ከተማው ነው። ፉሪ ላይ በሰሜን። ይህችን አንድ ነገር የያዘ ሰው ጉም ገልጦ ለደቂቃ ፀሐይ ብትወጣ እንኳ አቅጣጫውን ያገኛል።

ሰው ስታገኙ

እነዚያን ሦስት እረኞች ሳገኝ ምን አደረግኩ? ሰላም ብያቸው አለፍኩ። የልጅ ልጅ ለማየት የደረስኩ ሴት ለ12 ዓመት ልጅ «ጠፍቻለሁ» ብዬ መናገር ከበደኝ። መንገዱን እንደማውቅ ሰው ኮራ ብዬ ወደ ጫካው ገባሁ፤ 10 ደቂቃ ሳይሞላ ጉሙ ወረደ።

ያ ጫካ ቀልድ አይደለም። በወጨጫ ምዕራብ በኩል ያለው የመናገሻ ሱባ ደን በ15ኛው መቶ ዘመን በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ጊዜ፣ ሰሜን ሸዋ ካለው የወፍ ዋሻ ደን በመጣ የጥድ ዘር እንደተተከለ የሚነገርለት ነው። ጥዱ፣ ዝግባው፣ ወይራው ግንዱ ወፍራም ከመሆኑ የተነሳ ከጀርባው የቆመ ሰው ከአራት እርምጃ አይታይም። ጉሬዛ ከላይ ሲዘል ቅርንጫፉ ሲንኮሻኮሽ ሰው የመጣ ይመስላል፤ ሦስት ጊዜ ዘልዬ ተነስቻለሁ። ጅረቱን ስሻገር እግሬ ተንሸራትቶ እስከ ጉልበቴ ረጠብኩ፣ ያን ጊዜ ነው የቆምኩት። ከዚያ በፊት መቆም ነበረብኝ።

እረኛ ስታገኙ ንገሩት። የተራራው ባለቤት እሱ ነው፤ ማን እንደወጣ፣ ማን እንደወረደ፣ ምን እንደለበሰ ያያል። በከተማው ዙሪያ ባለው ገጠር ብዙው ሰው የሚናገረው ኦሮምኛ ነው፤ አማርኛ የሚሰማ ብዙ ቢሆንም ሁለት ሦስት ቃል ይዞ መውጣት ለራስም ክብር ነው። «ማሎ፣ ከራን ነ ጀላ በዴ» እባካችሁ መንገድ ጠፋብኝ ነው። «ከራን ጉዳን ኤሰ?» ዋናው መንገድ የት ነው። «ገላቶማ» አመሰግናለሁ። ትልልቆቹን በአክብሮት ሰላም በሉ፣ ወደ ግቢ አጥር ከመጠጋታችሁ በፊት ከሩቅ ተጣሩ፤ ውሻ ይኖራል። ውሻ ከመጣባችሁ አትሩጡ፣ ቆማችሁ ባለቤቱን ጥሩ።

ሴት ብቻችሁን ከሆናችሁና ያገኛችሁት ሰው ካላማራችሁ፣ «ጓደኞቼ ከኋላዬ እየመጡ ነው» ብላችሁ ሰፈር ወዳለበት ሂዱ። እናቶችና ልጆች ያሉበትን ወገን ምረጡ። ይህን ለልጄ የምነግራትን ያህል ለእናንተም እነግራለሁ።

ከመሸ

የኛ አገር ምሽት አይንዛዛም። በኅዳር ፀሐይ 12 ሰዓት ካለፈ ጥቂት ደቂቃ ቆይታ ትገባለች፤ ሐምሌ ላይ እስከ 12 ሰዓት ከ50 ገደማ ብትቆይ ነው። ከገባች በኋላ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ እግራችሁን አታዩም። ስለዚህ 11 ሰዓት ላይ ካልተገኛችሁ ማደሪያ ማሰናዳት ጀምሩ፤ መሽቶ አትጠብቁ።

አዲስ አበባን በአማካይ 2350 ሜትር ብንል የወጨጫ አናት ከ3300 ሜትር በላይ ነው። በየ1000 ሜትሩ ብርዱ በ6 ዲግሪ ገደማ ይጨምራል፤ ነፋሱና እርጥብ ልብሱ ከዚህ በላይ ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ከተማው ውስጥ እንኳ ውርጭ የሚጥልበት ሌሊት አለ። ብርድ የሚገድለው በላብ በረጠበ የጥጥ ልብስ ነው፣ ጂንስ ሱሪ ደግሞ አንዴ ከረጠበ ሌሊቱን አይደርቅም። ሳይበርዳችሁ፣ ገና ሙቀት እያላችሁ፣ የረጠበውን አውልቃችሁ ደረቁን ልበሱ። ራሳችሁንና አንገታችሁን ሸፍኑ። ባዶ መሬት ላይ አትቀመጡ፤ ደረቅ ሣርና ቅጠል አንጥፉ፣ በላዩ ቦርሳችሁን። አንድ ትልቅ የቆሻሻ ላስቲክ ይዛችሁ ከሆነ እግራችሁን አስገብታችሁ እስከ ብብታችሁ ሳቡት፤ ፊታችሁን ግን አትሸፍኑበት። እኔ አሁን ሁልጊዜ ሁለት ላስቲክ፣ ቀጭን ጋቢና አንድ እፍኝ ጭኮ እይዛለሁ። ጭኮ ቅቤ አለው፣ ሰውነት ያሞቃል፤ በሶም ጥሩ ነው፣ ውሃ ካላችሁ።

እሳት አታንድዱ። በበጋ ያ ሣርና የጥድ ቅጠል ክብሪት ይጠብቃል፤ እሳቱ ከተነሳ ከእናንተ በፊት የሚሮጠው እሱ ነው።

ጅብ አለ፤ መኖሩን መደበቅ አይጠቅምም። ጀርባችሁን ለቋጥኝ ወይም ለወፍራም ግንድ ስጡ፣ ድንጋይ በአጠገባችሁ ከምሩ። ከተጠጋ ተነሱ፣ ቦርሳችሁን ከራሳችሁ በላይ አንሱ፣ ጩኹ፣ መብራት አብሩበት፣ ወርውሩበት። አትሩጡ። ምግባችሁን ከምትተኙበት አርቃችሁ አስቀምጡ።

ነጎድጓድ ከመጣ፣ በተለይ በክረምት ከሰዓት በኋላ፣ ከአናቱና ከሸንተረሩ ውረዱ፣ ብቻውን ከቆመ ዛፍ ራቁ። ይህ «አትነቃነቁ» ካልኩት ውጭ የሆነ አንዱ ጊዜ ነው።

ለቀሩት

እኔ ስጠፋ የቀሩት 13ቱ መጥፋቴን ያወቁት ምሳ ላይ ነው፣ ከ50 ደቂቃ በኋላ። ፊት ያሉት ኋላ ነች ብለዋል፣ ኋላ ያሉት ፊት ነች ብለዋል። ከዚያ አንዱ «ቀድማ ወደ መኪናው ወርዳ ይሆናል» አለ። ከዚህ ንግግር የባሰ ተራራ ላይ አላውቅም። ሁሉንም ያረጋጋል፣ ማንንም አያነሳም። ቡድናችሁ ውስጥ ሕግ አድርጉት፦ ማንም ሳይናገር ወደ መኪና አይወርድም። ይህ ሕግ ካለ «ወርዳ ይሆናል» የሚል አይኖርም።

ሰው መጉደሉን ስታውቁ ሁላችሁም ባላችሁበት ቁሙና ተቆጠሩ። ማን ለመጨረሻ ጊዜ አያት? የት? ስንት ሰዓት? ምን ለብሳለች? መድኃኒት የምትወስደው አለ? ይህን አንድ ሰው በወረቀት ይጻፈው። ከዚያ ተበታትኖ መሮጥ የለም። የኛዎቹ በአራት አቅጣጫ ተበትነው፣ ሁለቱ ደግሞ ራሳቸው ጠፍተው ሌላ 40 ደቂቃ ፈጅቷል። መንገዱን የሚያውቁና ያልደከሙ ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች ለመጨረሻ ጊዜ ወደታየችበት ቦታ ይመለሱ፤ ቀሪዎቹ በአንድ ቦታ ይጠብቁ፣ ቢያንስ አንድ ሰው ደግሞ መኪናው ጋ ይሁን። የሚመለሱት ስንት ሰዓት ላይ ተመልሰው እንደሚመጡ ተናግረው ይሂዱ። በየመንታ መንገዱ ፊሽካ ይንፉ፣ ከዚያ ወሬ ሳያወሩ አንድ ደቂቃ ያዳምጡ።

ስልኳ ላይ የሚደውለው አንድ ሰው ብቻ ይሁን። ስልኬን 9 ሰዓት ላይ ስከፍተው ከስድስት ሰው የመጣ መልእክት ተከታትሎ ገባ፤ አንዱ «ውረጂ»፣ አንዱ «ባለሽበት ሁኚ»፣ አንዱ «ወደ ላይ ነይ»። ለአፍታ ሁሉንም ለመታዘዝ ተነስቼ ነበር። አንድ ሰው ቢጽፍልኝ አንድ ነገር ነበር የምሰማው።

ያገኛችሁትን እረኛ፣ የደን ጠባቂ፣ እንጨት ለቃሚ ሁሉ ጠይቁ። እኔን ያስገኘኝ ያ ያለፍኩት ልጅ ነው፤ «ቀይ ሹራብ የለበሰች ሴት ወደ ጫካው ወርዳለች» ብሎ በዱላው አሳያቸው። መልእክቴ ደርሷቸው ስለነበር ጅረትና ጥቁር ቋጥኝ ሲሉት ወዲያው አወቀው። ሁለት ቋጥኝ ስላለ ግን እነሱ ወደ አንዱ ሄዱ፣ እሱ ወደ ሌላው።

ሁለት ሰዓት ፈልጋችሁ ካላገኛችሁ፣ ወይም 10 ሰዓት ካለፈ፣ ወይም የጠፋው ሰው ልጅ፣ አዛውንት ወይም ታማሚ ከሆነ፣ በራሳችሁ ብቻ አትታገሉ። በአካባቢው ላለ የቀበሌ ሚሊሻና ለደን ጥበቃው ንገሩ። 991 ፖሊስ ነው፣ 907 የቀይ መስቀል አምቡላንስ፣ አዲስ አበባ ክልል ውስጥ፣ ለምሳሌ እንጦጦ ላይ ከሆነ፣ 939 እሳትና አደጋ። «ሰው አናስቸግር፣ ትመጣለች» የሚል አይጠፋም፤ አትስሙት። ብርሃን እያለ የተጠራ ሰው ነው የሚረዳው።

ገና ከመነሳታችሁ

ጥንድ ጥንድ ሁኑ። እያንዳንዱ ሰው አንድ ሰው ብቻ ይያዝ፤ «ያንተ ሰው ማነው?» ሲባል ዞር ብሎ በጣቱ ማሳየት አለበት። በየመንታ መንገዱ ፊት ያለው ሰው የመጨረሻውን ሰው በዓይኑ ሳያይ አይንቀሳቀስም። ከፊት የሚሄደው በጣም ጎበዙ መሆን የለበትም፤ የደከመውን ከፊት አድርጉት፣ ሌላው በእሱ ልክ ይሄዳል።

ጠዋት፣ ሚኒባሱ ሳይነሳ፣ እኔ ሁልጊዜ ቆሜ እንዲህ እላለሁ፦ «ሽንት ቤት የሚፈልግ ይናገር፣ ቦርሳውን መንገዱ ላይ ትቶ ይሂድ፣ ጥንዱ ቦርሳው ጋ ቆሞ ይጠብቀዋል። የደከመው ይናገር። ክሩ የተፈታ ይናገር። ዛሬ ማፈር የለም።» መጀመሪያ ወጣቶቹ ይስቃሉ። ሁለተኛው ሽቅብ ላይ ግን አንዷ «እማ፣ እኔ ልሂድ» ትለኛለች፣ ቦርሳዋን መንገዱ መሃል አስቀምጣ። ያቺ ቦርሳ ሰው እዚህ አለ ትላለች።

ስትገኙ

ፊሽካቸውን የሰማሁት 11 ሰዓት ከ10 ላይ ነው። ሦስት ጊዜ። የምመልስበት ስላልነበረኝ የውሃ ኮዳዬን በድንጋይ ቀጠቀጥኩ። ሲያዩኝ አለቀሱ፣ እኔም አለቀስኩ፤ እርጥብ ካልሲዬን አስወልቀው የራሳቸውን አለበሱኝ። በዚህ ሰዓት አንድ ነገር ይረሳል፦ እየፈለገ ያለ ሌላ ሰው አለ። ማን ማን ለፍለጋ እንደወጣ በዚያ ወረቀት ላይ ይጻፍ፤ ስትገኙ አንድ በአንድ ይነገረው። ለፖሊስ የተደወለ ከሆነ ተመልሶ ይደወል። ለቤተሰብ የተነገረ ከሆነ ይነገር።

እኛ አልነገርንም። ሚኒባሱ ጋ የደረስነው 12 ሰዓት ገደማ ነው፣ ሾፌሩ ሞተር አስነስቶ ነበር። በመስኮቱ በኩል ከጫካው ዳር የልጅ ድምፅ ሰማሁ፤ «አዴ! አዴ!» ይላል፣ ያርፋል፣ እንደገና «አዴ!»። ከልጄ የሚያንስ ልጅ እኔን በክብር እየጠራ። በሩን አስከፍቼ ወረድኩ፣ በሰው ካልሲ ሽቅብ ሮጥኩ። ሲያየኝ ቆመ። ሱሪው እስከ ጉልበቱ ረጥቧል፣ ከሁለተኛው ቋጥኝ መምጣቱ ነው። «ተገኝቻለሁ፣ ልጄ። ገላቶማ» አልኩት። ከእግር እስከ ራሴ አየኝና ራሱን ነቀነቀ፤ ከዚያ ዱላውን ትከሻው ላይ አድርጎ፣ ሳይገቡ የመሸባቸውን ከብቶች ሊነዳ ወረደ።